ከ12ኛ ክፍል ውጤት በኋላ፦ ዩኒቨርሲቲ፣ ሬሜዲያል፣ የግል ኮሌጅ፣ ቴክኒክና ሙያ ወይስ ዳግም ፈተና?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲለቀቅ በየቤቱ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ "አለፈ ወይስ አላለፈም?" የሚል ነው። ጥያቄው የሚጠበቅ ቢሆንም ለውሳኔ ግን አይበቃም። ማለፊያው 50 በመቶ ከሆነበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ይህን ነጥብ ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ቢመጣም ከ10 ተፈታኞች ዘጠኙ ውጤታቸውን የሚያዩት ከማለፊያው በታች ሆነው ነው። ስለዚህ ይህ ንጽጽር ያለፉትን ባይዘነጋም አብዛኛው ሐሳቡ 50 በመቶ ያልሞላላቸውን ተማሪዎችና ወላጆቻቸውን ይመለከታል፤ ምርጫው የሚከብደውም፣ የተሳሳተ ምክር በብዛት የሚሰጠውም ለእነርሱ ነውና።

አማራጮቹን ለማወዳደር ሰው የሚጠቀምበት የተለመደ መለኪያ የመግቢያው ቅለት ነው፤ የትኛው ተቋም በዚህ ውጤት ይቀበላል የሚለው ይጠየቃል፤ የሚቀበል ሲገኝም ይመዘገባል። ዛሬ ይህ መለኪያ ያሳስታል። ሬሜዲያል፣ ማለትም 50 በመቶ ላልሞላላቸው የሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ይዘጋል፤ የመንግሥትም ሆነ የግል የዲግሪ ትምህርት በመውጫ ፈተና ይጠናቀቃል፤ ቴክኒክና ሙያ በብቃት ምዘና ይመዘናል። ከእነዚህ መንገዶች በአንዱም የመጨረሻውን ፈተና ሳያልፉ ሙሉ ማስረጃ ይዞ መውጣት አይቻልም። በመሆኑም ትክክለኛው ማወዳደሪያ "የት ይቀበሉኛል?" የሚለው ሳይሆን "በያዝኩት ዕውቀት፣ ባለኝ ገንዘብና ጊዜ የትኛውን የመጨረሻ ፈተና ማለፍ እችላለሁ?" የሚለው ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ በዚህ ጥያቄ የሚመዘን ነው።

ውጤቱን በትምህርት ዓይነት ማንበብ

በቅርብ ዓመታት በተሰጡት ፈተናዎች የሁለቱም መስክ ተማሪዎች ስድስት ፈተና ይወስዳሉ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የማመዛዘን ችሎታን የሚለካው አፕቲትዩድ ለሁሉም የሚሰጡ ሲሆን፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨምራል። እያንዳንዱ ፈተና ከ100 ስለሚታሰብ ድምሩ ከ600፣ ማለፊያውም 300 ይሆናል። ቀደም ሲል ከ700 የታሰበባቸው ፈተናዎች ስለነበሩ የዘንድሮን ውጤት ከታላቅ ወንድም ወይም ከጎረቤት ልጅ ውጤት ጋር ማስተያየት የፈለገ ሰው ሁለቱንም ወደ መቶኛ ቀይሮ ቢመለከት ይሻላል። ወላጆች በማትሪክ ዘመንም ሆነ እስከ 2011 ዓ.ም. በቆየው የ10ኛ ክፍል ፈተና የሚያውቁት ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ የሚወርደውን የፊደል ውጤት ነው፤ አሁን የሚሰጠው ግን ተማሪው ከመቶ ስንት እንዳገኘ የሚያሳይ ቁጥር በመሆኑ ከፊደሉ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ምን ያህል እንደሚናገር በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች እኩል 262 አመጡ እንበል። የመጀመሪያዋ በእንግሊዝኛ 41፣ በሒሳብ 28፣ በአፕቲትዩድ 52፣ በፊዚክስ 33፣ በኬሚስትሪ 47፣ በባዮሎጂ 61 አላት። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ 62፣ በሒሳብ 51፣ በአፕቲትዩድ 58፣ በፊዚክስ 27፣ በኬሚስትሪ 30፣ በባዮሎጂ 34 አለው። በድምር ሲታዩ ሁለቱም 43.7 በመቶ አካባቢ ናቸው፤ ለሬሜዲያል የሚወጣው የመቁረጫ ነጥብም ድምሩን እንጂ ዝርዝሩን አያይም። ይሁን እንጂ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ምክር የሚሰጥ ሰው ቢያንስ አንዱን ይጎዳል።

ፈተናው ምርጫ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄም አራት አማራጭ አለው። አንድ ተማሪ ጥያቄውን ሳያነብ ሁሉንም በግምት ቢያጠቁር በአማካይ ከ100 ወደ 25 ያገኛል። ስለዚህ 28 የሚል የሒሳብ ውጤት "ትንሽ ያውቃል" ማለት ሳይሆን ከግምት እምብዛም ያልራቀ ዕውቀት ማለት ነው። የሁለተኛው ተማሪ 27 የፊዚክስ ውጤትም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ የትኛው ክፍተት በምን ያህል ጊዜ ይሞላል የሚለው ላይ ነው። የእንግሊዝኛና የሒሳብ ክፍተት ከታች ክፍሎች ጀምሮ የተጠራቀመ ስለሆነ በጥቂት ወራት አይደፈንም፤ የእንግሊዝኛው ደግሞ የሌሎቹን ትምህርቶች መጽሐፍና የፈተና ጥያቄ ማንበብንም ያደናቅፋል። በአንጻሩ እንግሊዝኛና ሒሳብ የያዘ ተማሪ፣ ምናልባት በትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር ወይም ቤተ ሙከራ ስላልነበረ የቀረበትን ይዘት በርትቶ ካነበበ በአጭር ጊዜ ብዙ ሊያስመልስ ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ አፕቲትዩድን ይመለከታል። አፕቲትዩድ በሬሜዲያል ከሚሰጡት ትምህርቶች ውስጥ ስለሌለ፣ ድምሩን ከፍ ያደረገው እርሱ ከሆነ ተማሪው ያለ እርሱ የት ላይ እንደሚቆም አስልቶ ማየት ይኖርበታል። በምሳሌው አፕቲትዩድ ሲቀነስ የመጀመሪያዋ አማካይ 42፣ የሁለተኛው 40.8 ይሆናል። ሁለቱም ወረዱ፤ ሆኖም የመጀመሪያዋን ወደ 50 የሚያደርሳት መንገድ በሒሳብና በእንግሊዝኛ በኩል ሲሆን፣ የሁለተኛው በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ በኩል ነው። ማንኛውም ተማሪ አማራጮቹን ከማየቱ በፊት ይህን ስሌት በራሱ ውጤት ላይ ቢሠራ፣ ቀጥሎ የሚሰማውን ምክር በየትኛው ሚዛን እንደሚመዝን ያውቃል።

ወላጆች እዚህ ላይ እንዲያስቡበት የምፈልገው ሌላም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ተማሪ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ አንድም ተማሪ ማሳለፍ አልቻሉም። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ክፍል አስፈትኖ ማንም ካላለፈ ጉዳዩ ከአንድ ልጅ ስንፍና በላይ ነው። ልጁ ጥሩ መምህራንና መጻሕፍት ካሉት ትምህርት ቤት ተምሮ 43 በመቶ ካመጣ አንድ ነገር ነው፤ መምህር በሌለበት ራሱ አንብቦ 43 ካመጣ ግን ቀጥሎ የሚያገኘው ጥሩ ትምህርት ብዙ ርቀት ሊወስደው እንደሚችል ያሳያል። ለሬሜዲያልም ሆነ ለዳግም ፈተና በሚወሰንበት ጊዜ ይህ ልዩነት ከድምሩ እኩል መታየት አለበት።

50 በመቶና ከዚያ በላይ ላመጡ

ማለፊያውን ያገኘ ተማሪ እስካሁን በታየው አሠራር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦታ ያገኛል። ጥያቄው የት የሚለው ነው። ብዙ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን የሚሞላው በከተማው ስም ወይም ጓደኛው በሞላው መሠረት ነው፤ ሆኖም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ሆኖ ሁሉም የጋራ ኮርሶችን የሚወስድበት ስለሆነ፣ ወደ ዲፓርትመንት የሚገባው በዚያ ዓመት በሚደረግ ውድድር ነው። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት የተፈለገው ዲፓርትመንት እዚያ መኖሩና ስንት ጠንካራ ተማሪ እንደሚሻማበት ነው። ከተመሠረቱ ረጅም ጊዜ ያስቆጠሩትና የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተለዩት ስምንቱ፣ ማለትም አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐረማያ፣ መቐለና አርባ ምንጭ፣ የተሻለ ቤተ ሙከራና የመምህራን ብዛት ቢኖራቸውም ሕክምናንና የመሳሰሉትን መስኮች ለማግኘት ያለው ፉክክርም በዚያው ልክ ነው። 50 በመቶን ለጥቂት ያለፈ ተማሪ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያልወደደው ዲፓርትመንት ከሚደርሰው፣ አነስ ባለ ዩኒቨርሲቲ የወደደውን ቢያጠና የተሻለ እንደሆነ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የመውጫ ፈተናው አገር አቀፍ ስለሆነ በየትም የተማረ ሁሉ የሚመዘነው በአንድ ዓይነት ፈተና ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው። እነዚህን የሚፈልግ ተማሪ የብሔራዊ ፈተናውን ማለፊያ ማግኘቱ ለማመልከት ብቻ እንደሚያበቃው፣ የምዝገባውን ጊዜም ራሱ መከታተል እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል። ስለ ገንዘብ ሲነሳ ደግሞ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር ነጻ እንደሆነ ተደርጎ መወራቱ ትክክል አይደለም። ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ይህም ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ዕዳው ግን ከግል ኮሌጅ ክፍያ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው፤ የሚጠየቀውም ገቢ ከተገኘ በኋላ ነው።

ሬሜዲያል

የሬሜዲያል ወይም የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው 50 በመቶ ላልሞላላቸው፣ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣውን የመቁረጫ ነጥብ ላሟሉ ተማሪዎች ነው። ነጥቡ ለተፈጥሮና ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ ለወንዶችና ለሴቶች ይለያያል፤ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎችም ልዩ ታሳቢ ይደረጋል። ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ "አምና በዚህ ነጥብ ገብተዋል" በሚል ወሬ ተስፋ መቁረጥም ሆነ መተማመን አይገባም።

ፕሮግራሙ አንድ ሴሚስተር ያህል፣ ወደ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሲማሩ፣ የማኅበራዊ ሳይንሶቹ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ይማራሉ። ከጠቅላላ ውጤቱ 30 በመቶው ተቋሙ ራሱ ከሚሰጠው ምዘና፣ 70 በመቶው ደግሞ በማዕከል ተዘጋጅቶ ከሚሰጠው ፈተና ይመጣል፤ ሁለቱ ተደምረው 50 በመቶ ሲሞሉ ተማሪው ወደ ፍሬሽማን ይገባል። ይህ ክፍፍል በደንብ ሊጤን ይገባዋል። አንድ ተማሪ ከተቋሙ 30ው ውስጥ 24 ቢያገኝ፣ ከማዕከሉ 70 ውስጥ 26 ይቀረዋል፤ ይህም የማዕከሉን ፈተና 37 በመቶ ያህል ከመሥራት ጋር እኩል ነው። በኩዊዝ፣ በአሳይመንትና በክፍል ፈተና ቸል ብሎ ከ30ው 14 ብቻ የያዘ ግን ከማዕከሉ 36፣ ማለትም ከ51 በመቶ በላይ ማምጣት አለበት። ስለዚህ ሬሜዲያል የገባ ተማሪ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚሰበስባት እያንዳንዷ ነጥብ የመጨረሻውን ፈተና ታቀልለታለች። ከቤት ርቆ፣ በአዲስ ግቢና በአዲስ ዶርም ሕይወት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳይታወቁ የሚያልፉበት ተማሪ ብዙ ስለሆነ፣ ወላጅ ከመሸኘቱ በፊት ይህን ስሌት ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ቢሠራ ይጠቅማል።

ሬሜዲያል ከሌሎቹ አማራጮች የሚበልጥበት ነገር ግልጽ ነው። በአራት ወር ውስጥ ወደ ዲግሪ መንገድ ይመልሳል፤ በመንግሥት ተቋም ከሆነ ቤተሰብን ለከባድ ክፍያ አይዳርግም፤ መምህራኑም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ድክመቱ ጊዜው አጭር መሆኑ ነው። የአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአራት ወር አይከለስም፤ የሚከለሰው መሠረት ላለው ተማሪ ብቻ ነው። በመሆኑም ከላይ ከቀረቡት ሁለት ተማሪዎች ሁለተኛውን ያለ ማመንታት ወደ ሬሜዲያል እልከው ነበር። የመጀመሪያዋም ብትገባ ዕድል አላት፤ ግን የመቁረጫ ነጥቡ እስኪወጣና ምደባ እስኪደረግ ያለውን ጊዜ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ላይ ካላዋለችው ፕሮግራሙ ራሱ በቂ አይሆንላትም። የግል ተቋማትም ሬሜዲያል ይሰጣሉ፤ በዚያ የሚማር ተማሪ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል፤ የሚፈተነው ግን ያንኑ የማዕከል ፈተና ስለሆነ "በግል ይቀላል" የሚለው አስተያየት መሠረት የለውም።

የግል ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ

በዚህ አማራጭ ዙሪያ ያለው ትልቁ ስህተት የመግቢያ መስፈርቱን ይመለከታል። 50 በመቶው የሚሠራው ለመንግሥት ተቋማት ብቻ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። እውነታው በግል ተቋምም ዲግሪ ለመጀመር 50 በመቶ ማምጣት ወይም ሬሜዲያልን ማለፍ እንደሚያስፈልግ ነው። "ግቡና በኋላ ይስተካከላል" የሚል ተቋም ካጋጠመ፣ የሚጎዳው ተማሪው እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ዓመታት ተከፍሎበት የተያዘ ትምህርት በመግቢያ ማስረጃ ጉድለት ዋጋ ሊያጣ ይችላልና።

ሁለተኛው ጉዳይ የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ፣ ከመንግሥትም ይሁን ከግል፣ በተማረው መስክ የሚሰጠውን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማለፍ አለበት። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62.37 በመቶ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ነበሩ። ከዚህ ቁጥር ተነስቶ የግል ኮሌጅ ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥሩ መምህራን ያሏቸው፣ ተማሪዎቻቸውን በብዛት የሚያሳልፉ አሉ። ቁጥሩ የሚነግረን በግል ተቋማት መካከል ያለውን ልዩነት ሳይመረምሩ መመዝገብ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ለሬጅስትራር መቅረብ ያለበት ዋናው ጥያቄ ክፍያው ስንት ነው የሚለው ሳይሆን፣ "በዚህ ዲፓርትመንት ባለፈው ዙር ስንት ተማሪ ለመውጫ ፈተና ተቀመጠ፣ ስንቱስ አለፈ?" የሚለው ነው። ቁጥሩን በዲፓርትመንት ለይቶ ለመናገር የሚሸሽ ተቋም መልሱን በሽሽቱ ሰጥቷል።

በኮሌጆች እንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ የዕውቅና ፈቃድ ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነው፤ ቀረብ ብሎ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለአንድ ካምፓስ፣ ለአንድ የትምህርት ዓይነትና ለአንድ የአሰጣጥ ዘዴ ነው። በአንድ ካምፓስ ለመደበኛ አካውንቲንግ የተሰጠ ፈቃድ በሌላ ካምፓስ ለሚሰጠው አካውንቲንግም ሆነ ለርቀት ትምህርት አይሠራም። ስለዚህ የካምፓሱ ስም፣ የፕሮግራሙ ስም፣ መደበኛ ወይም ርቀት መሆኑና የሚያበቃበት ቀን አንድ በአንድ ይነበቡ፤ ፎቶ ተነስቶም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መረጃ ጋር ይመሳከር። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማትን እንደ አዲስ እየመዘገበ መስፈርት ያላሟሉትን ስለዘጋ፣ አምና የነበረ ፈቃድ ዛሬም አለ ብሎ መገመት አይቻልም።

ቴክኒክና ሙያ

ቴክኒክና ሙያን እንደ ተሸናፊ መጠጊያ የሚያይ አስተሳሰብ በየቤቱ አለ፤ ይህ አስተሳሰብ ብዙ ወጣቶችን ዓመታት አስከፍሏቸዋል ብዬ አምናለሁ። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ሲሆን፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ በየትኛው ደረጃ እንደሚገባ በየዓመቱ በሚወጣው የመግቢያ ነጥብ ይወሰናል። አሰጣጡ ከክፍል ይልቅ ወደ ወርክሾፕና ወደ ድርጅት የሚያደላ በመሆኑ ሠልጣኙ ገና በሥልጠና ላይ እያለ ከአሠሪዎች ጋር ይተዋወቃል። መጨረሻው ሲኦሲ ተብሎ የሚታወቀው የብቃት ምዘና ነው፤ ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ምርጫ በማጥቆር ፈተና የሚቸገር፣ እጁ ግን ሥራ የሚያውቅ ልጅ ከሁሉም መንገድ የተሻለ ዕድል የሚያገኘው በዚህኛው ነው።

ምርጫው የሚበላሸው በሙያው ላይ ነው። በከተሞች ብዙ ተማሪ አካውንቲንግና አይሲቲ ይሞላል፤ ምክንያቱም የቢሮ ሥራ ይመስላሉ። በእነዚህ ሁለት መስኮች ግን የደረጃ 4 ሰርተፍኬት የያዘ ሰው ሥራ ሲፈልግ የሚወዳደረው ከዲግሪ ተመራቂ ጋር ነው። በኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ በአውቶሞቲቭ፣ በብረታ ብረት፣ በቧንቧ ሥራ ወይም በምግብ ዝግጅት የሠለጠነ ሰው ግን የራሱን ሥራ መጀመርም ይችላል። እንደ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌትና እንጦጦ ያሉ የአዲስ አበባ ፖሊቴክኒኮችም ሆኑ በክልል ያሉት የመንግሥት ኮሌጆች ክፍያቸው ከግሎቹ እጅግ ያነሰ ነው። ሲጎበኙ መታየት ያለበት ማሽኑ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መሥራቱና ሠልጣኝ እየነካው መሆኑ ነው። ከደረጃ ሥልጠና ወደ ዲግሪ የሚያሻግር መንገድ ቢኖርም የራሱ መስፈርት ስላለው፣ 50 በመቶን ለማምለጥ እንደ አቋራጭ ታስቦ መገባት የለበትም።

ዳግም መፈተን

በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ዳግም መፈተን ይቻላል፤ ውጤቱ 50 በመቶ ከሞላ እንደማንኛውም ተፈታኝ ይታያል። ችግሩ አንድ ዓመት ማስከፈሉ ነው፤ ዓመቱም ያለ ትምህርት ቤት፣ ያለ ጓደኛና ያለ ሰዓት ደወል የሚያልፍ ነው። በዚህ ምክንያት ዳግም ፈተናን የምመክረው ለሦስት ዓይነት ተማሪዎች ነው። ከ50 በመቶ በጥቂት ነጥብ የቀሩ ግን ሬሜዲያል ያልተመቻቸው፣ በፈተናው ሳምንት በሕመም፣ በሐዘን ወይም በአካባቢው በነበረ ግጭት ምክንያት አቅማቸውን ያልገለጹ፣ እንዲሁም ለምን እንደወደቁ በትምህርት ዓይነት ለይተው የሚያውቁና የዓመቱን የጥናት ዕቅድ በወረቀት ማሳየት የሚችሉ ናቸው። ከመቁረጫ ነጥቡ በእጅጉ የራቀ ተማሪ ያለ አስጠኚና ያለ ዕቅድ ቤት ተቀምጦ በሚቀጥለው ዓመት የተለየ ውጤት ያመጣል ብሎ መጠበቅ ዓመቱን ማባከን ነው።

ዳግም የሚፈተን ሰው ሁለት ነገር ያጣራ። አንደኛው ሥርዓተ ትምህርቱ መቀየሩ ነው፤ በአሮጌው መጽሐፍ የተማረ ተፈታኝ አዲሶቹን መጻሕፍት ይዞ ማጥናት አለበት፤ መጻሕፍቱን ከትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ማውረድ ይቻላል። ሁለተኛው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በከፊል በበይነ መረብ መሰጠቱ ነው። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ጥያቄውን እያወቀ ሰዓት እንዳያልቅበት፣ በሠፈሩ ባለ የኮምፒውተር ማዕከል ወይም በዘመድ ላፕቶፕ አስቀድሞ ይለማመድ።

ሁለቱን ተማሪዎች መልሶ ማየት

ሁለተኛው ተማሪ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ የያዘው፣ የመቁረጫ ነጥቡ ከፈቀደለት ሬሜዲያል ይግባ፤ በመንግሥት ተቋም ቦታ ካላገኘ፣ የግል ተቋማትን መስፈርት ካሟላና ቤተሰቡ ከቻለ በግል ተቋም ሬሜዲያል ይውሰድ፤ ሁለቱም ካልሆኑ ዳግም ለመፈተን ከሚበቁት አንዱ ነው። የመጀመሪያዋ ምርጫዋ ሰፋ ያለ ነው። በባዮሎጂ 61 ያመጣች ልጅ ሰውን መርዳት የምትወድ ከሆነ በመንግሥት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም ፈቃዱ በተረጋገጠ ተቋም በደረጃ የሚሰጥ የጤና ሙያ ይስማማት ይሆናል፤ በዚያ የሚጠየቀው ሒሳብ መጠነኛ ነው፤ እንግሊዝኛዋንም እግረ መንገዷን ታሻሽላለች። ዲግሪ ካልሆነ አይሆንም ካለች ደግሞ ሬሜዲያሉን ትሞክር፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ተነስታ ሒሳብ ትሥራ። ቤተሰቡ ከእርሷ ጋር ሲወያይ "ጎረቤት ምን ይላል?" የሚለውን ወደ ጎን ትቶ፣ የትኛው መንገድ በስንት ዓመት፣ በስንት ብር፣ በየትኛው ፈተና እንደሚጠናቀቅ በወረቀት ጽፎ ቢያስቀምጥ ውይይቱ ይቀላል። አብዛኛው የዲግሪ ፕሮግራም ከፍሬሽማን ጋር አራት ዓመት፣ ሕግና ምህንድስና አምስት ዓመት እንደሚወስዱ፣ የደረጃ ሥልጠና ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ጊዜ ወደ ሥራ እንደሚያደርስ በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር።

የትኛውም ቢመረጥ ቀድሞ መሠራት ያለበት የሰነድ ሥራ አለ። ውጤቱ ላይ ጥርጣሬ ያለው ተማሪ ቅሬታውን የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በሚወስነው ቀን ውስጥ፣ ባስቀመጠው መንገድ ብቻ ያቅርብ፤ ውጤት እናስተካክላለን የሚሉ የቴሌግራም ገጾች ገንዘብ ከመውሰድ ያለፈ የሚያደርጉት ነገር የለም። የውጤቱ ገጽ ታትሞ ይቀመጥ፤ የፈተና መለያ ቁጥሩ በሌላ ቦታም ይጻፍ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ትምህርት ቤቱ ሥራ በሚበዛበት በምዝገባው ሳምንት ሳይሆን አሁን ይውጣ፤ ወደ ውጭ አገር ተቋም ለማመልከት ያሰበም የሚጠየቀው ይህንኑ ትራንስክሪፕትና የብሔራዊ ፈተናውን ሰርተፍኬት ነው። በሁሉም ሰነዶች ላይ፣ በፋይዳ መታወቂያውም ጭምር፣ የተማሪው፣ የአባቱና የአያቱ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑ ይታይ። አንድ ፊደል ከተለያየ የሚታረመው ከምዝገባ በፊት ነው።